ብሮንዝ፣ ብራስ ወይስ ሌላ? ለሥራዎ የሚስማማውን ቅይጥ ለመምረጥ

ቶርኖ ቤት ገብተው «ይህቺን ከነሐስ ሥራልኝ» ሲሉ ባለሙያው «የትኛው ነሐስ?» ብሎ ከጠየቀዎት ጥሩ ሰው ጋ ደርሰዋል። ገበያ ላይ ነሐስ የሚባለው ቢጫ ነገር ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ ቡሽንግ፣ ማለትም የሚዞረው ዘንግ (ሻፍት) የሚያርፍበት ቀለበት ሆኖ ሻፍት ሲሸከም ይኖራል። ሌላው እዚያው ቦታ ቢገባ ቶሎ ይበላል። ሦስተኛው ደወል ሲሆን ድምፁ ልብ ያርሳል፣ በመዶሻ ቢቀጠቀጥ ግን እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ሦስቱም ውስጥ የሚበዛው መዳብ ነው። ልዩነቱን ያመጣው አብሮት የቀለጠው ነገርና መጠኑ ነው።

እንዳይምታታብን ስሞቹን ልለይ። መዳብ ከቲን ጋር ሲዋሃድ ብሮንዝ፣ ከዚንክ ጋር ሲዋሃድ ብራስ እላለሁ። ቲን የምለው በመጽሐፍ ቆርቆሮ የሚባለውን ማዕድን ነው። የቤት ጣሪያው ቆርቆሮ ዚንክ የተለበጠ ብረት ስለሆነ ከዚህ ወሬ ውጭ ነው።

መጀመሪያ፦ መቀላቀል ያስፈልግዎታል?

ለኤሌክትሪክ ከሆነ አያስፈልግም። ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ ከመዳብ የሚበልጠው ብር ብቻ ነው። መዳብ ውስጥ ሌላ ነገር በገባ ቁጥር ይህ ችሎታው ይወድቃል። ሲሶው ዚንክ የሆነ ብራስ የማስተላለፍ አቅሙ ከንጹህ መዳብ ከአንድ ሦስተኛ በታች ነው። 10 በመቶ ቲን ያለው ብሮንዝ ደግሞ ከአንድ አምስተኛም በታች ይወርዳል። ስለዚህ ሽቦና የኤሌክትሪክ መገናኛ ሲገዙ «ጠንካራ ነው» ተብለው ቅይጥ እንዳይሸጥልዎት።

ለጥንካሬ ከሆነ ግን መቀላቀል ግድ ነው። ንጹህ መዳብ ውስጥ አቶሞቹ በረድፍ ተደርድረዋል። ሲመታ ወይም ሲሳብ ረድፎቹ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉ። መዳብ በቀላሉ የሚታጠፈው ለዚህ ነው። የቲን አቶም ከመዳብ አቶም ይተልቃል። በረድፉ መሃል ሲገባ መንሸራተቱን ያደናቅፈዋል፣ ቅይጡም ይጠነክራል። ሌላም ጥቅም አለው። ንጹህ መዳብ የሚቀልጠው በ1085 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ፎርማ ውስጥ ሲፈስ ያስቸግራል። 10 በመቶ ያህል ቲን ሲጨመርበት 1000 ዲግሪ አካባቢ ሙሉ በሙሉ ይቀልጣል፣ የፎርማውንም ጥግ ሁሉ ይሞላል።

10 እጅ መዳብ ለ1 እጅ ቲን የሚለው ልክ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። በቱርክ ደቡብ ጠረፍ ኡሉቡሩን በሚባል ቦታ በ1982 እ.ኤ.አ. አንድ ጠላቂ የሰጠመ መርከብ አገኘ። መርከቡ የሰጠመው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በላዩ 10 ቶን ያህል መዳብና 1 ቶን ያህል ቲን ነበር። ነጋዴው ጭነቱን የጫነው ለብሮንዝ በሚሆነው ልክ ነበር ማለት ነው።

ቡሽንግ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ምርጫ

ቡሽንግ የሚፈለግበት ምክንያት አንድ ነው። ሻፍቱ ውድ ነው፣ ቡሽንጉ ርካሽ ነው። የሚበላ ነገር ካለ ቡሽንጉ ይበላ። ስለዚህ «ከሁሉ የጠነከረውን ስጠኝ» ማለት እዚህ አይሠራም። ከሻፍቱ ለስለስ የሚል፣ ግን ጭነቱን የሚችል ነገር ነው የሚፈለገው።

ለተራ ሥራ፣ ማለትም ለወፍጮ፣ ለማጓጓዣ ቀበቶ፣ ለጋራዥ ዕቃዎች እኔ መጀመሪያ የምመርጠው እርሳስ ያለበትን ብሮንዝ ነው። በዓለም ላይ ኤስኤኢ 660 በሚል ቁጥር ይታወቃል። 83 በመቶ መዳብ፣ 7 በመቶ ቲን፣ 7 በመቶ እርሳስና 3 በመቶ ዚንክ ነው። የእርሳሱ ነገር ደስ ይላል። እርሳስ ከመዳብ ጋር አይዋሃድም። ሲቀዘቅዝ በቅይጡ ውስጥ እንደ ደቃቅ ጠብታ ተበታትኖ ይቀራል። ግራሶ ያለቀ ጊዜ ጠብታዎቹ ፊቱ ላይ ይቀቡና ሻፍቱን ከመያያዝ ያድኑታል። አሸዋ ወይም የብረት ፍቅፋቂ ቢገባም ለስላሳው ቦታ ውስጥ ይቀበራል እንጂ ሻፍቱን እየፋቀ አይዞርም። ግራሶ የሚረሳበት፣ አቧራ የሚበዛበት ቦታ ለዚህ ቅይጥ ተስማሚው ነው።

ጭነቱ ሲከብድና ሻፍቱ በእሳት የጠነከረ ሲሆን ወደ ፎስፈር ብሮንዝ ይሂዱ። ቲኑ 10 በመቶ ወይም ትንሽ ከፍ ይላል፣ ጥቂት ፎስፎረስም አለበት። ፎስፎረሱ ቅይጡ ሲቀልጥ የገባበትን ኦክስጅን ያወጣል፣ ጥንካሬም ይጨምራል። ዎርም ጊር የሚባለው፣ እንደ ብሎን የተጠመዘዘ ዘንግ የሚነዳው ጥርስ በአብዛኛው ከዚህ ቤተሰብ ነው የሚሠራው። ግን ለግራሶ እጥረት ያን ያህል ታጋሽ አይደለም።

አልሙኒየም ብሮንዝ ስሙ ቀላል ያስመስለዋል፣ ግን ከሁሉም የሚጠነክረው እሱ ነው። ቲን የለበትም። 9 እስከ 11 በመቶ አልሙኒየም አለው፣ ብዙ ጊዜም ትንሽ ብረትና ኒኬል ይጨመርበታል። ድንገተኛ ምት የሚበዛበት፣ በዝግታ የሚዞር ከባድ ነገር ላይ ጀግና ነው። ችግሩ ሻፍቱ ለስላሳ ከሆነ ነው። ያኔ የሚበላው ሻፍቱ ይሆናል። «በጣም ጠንካራ ነው» ተብሎ ከተሸጠልዎት በኋላ ሻፍት መቀየር ከጀመሩ ምክንያቱን እዚህ ጋ ይፈልጉት።

ብራስስ? ለቀላል፣ ፍጥነት ለሌለውና ብዙ ለማይሸከም ነገር ይሆናል። ለመጋረጃ መዘውር፣ ለበር ማጠፊያ። ርካሽ ነው፣ ቶርኖ ላይም እንደ እሱ የሚመች የለም። ግን ሞተር ላይ ወይም ጭነት ያለበት ቦታ ላይ ብሮንዝን አይተካም። ቢጫነቱ አሳስቶ ብራስ ለብሮንዝ የሚሸጥበት ጊዜ ስለሚያጋጥም ልብ ይበሉ።

አሮጌውን ቡሽንግ ሳያዩ አይጣሉት። ወደ ብርሃን ይዘው ውስጡን ይመልከቱ። በአንድ ጎን ብቻ ተበልቶ ከሆነ ችግሩ የቅይጡ ሳይሆን የአቀማመጡ ነው። ሻፍቱ ዘንበል ብሏል። ዙሪያውን በቀጭን መስመር ተጭሮ ከሆነ ቆሻሻ እየገባ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ቅይጥ ከመቀየር ይልቅ ማሸጊያ ጎማውን መቀየር ይሻላል። ውስጡ ወደ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ቀለም ሄዶ ከሆነ ግሏል፣ ቅባት አጥቷል።

ውኃ የሚነካው ዕቃ

ሩቢኔት፣ ቫልቭና የቧንቧ መገናኛ በአብዛኛው ብራስ ናቸው። 60 በመቶ ገደማ መዳብ፣ ቀሪው ዚንክ፣ ከ2 እስከ 3 በመቶ እርሳስ። እርሳሱ የሚገባው ለቶርኖ ሥራ ነው። ፍቅፋቂው ረጅም ክር ሆኖ ከመጠምጠም ይልቅ እየተቆራረጠ እንዲወድቅ ያደርጋል። ለፋብሪካው ጥሩ ነው፣ ለሚጠጣ ውኃ ግን አይደለም። አሜሪካ ከጥር 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመጠጥ ውኃ በሚውሉ ዕቃዎች ላይ የሚፈቀደውን እርሳስ ከ8 በመቶ ወደ አማካይ 0.25 በመቶ አውርዳለች። እዚያ ያላችሁና ቤታችሁ ከዚያ በፊት የተገጠመ ሩቢኔት ያለው ከሆነ፣ ሌሊቱን ቧንቧ ውስጥ ያደረውን ውኃ ጥቂት አፍስሳችሁ ከዚያ ለመጠጥ ቅዱ። አዲስ ስትገዙ ደግሞ ከእርሳስ ነፃ የሚል ምልክት ያለውን እመኑ።

ሌላው የብራስ ጠላት ዚንክ የሚነጥቀው ውኃ ነው። ጨዋማ፣ ሞቃት ወይም ቆሞ የሚውል ውኃ ዚንኩን ቀስ በቀስ አሟሙቶ ይወስደዋል። የሚቀረው ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ፣ ቅርጹን ያልቀየረ መዳብ ነው። ከውጭ ሲያዩት ዕቃው ደህና ይመስላል። ግን ቢጫው ላይ ቀይ ነጠብጣብ ይወጣል፣ በመፍቻ ሲነኩት ተፈርፍሮ ይወድቃል። እንዲህ ያለ ውኃ ባለበት አካባቢ ይህን የሚቋቋም ብራስ ይጠይቁ። ጥቂት አርሴኒክ ተጨምሮበት ነው የሚሠራው፣ ዕቃው ላይም በላቲን ፊደል ዲ፣ ዜድ፣ አር የሚል ይቀረጽበታል። ካልሆነ ብሮንዝ ይግዙ። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን ግድግዳ ውስጥ ለሚቀበር ነገር ልዩነቱን መክፈል የሚያዋጣ ይመስለኛል። ግድግዳ ማፍረስ ከዚያ ይበልጣል።

ባሕር ውስጥ ከሆነ ጨዋታው ሌላ ነው። የትልልቅ መርከቦች ማሽከርከሪያ ከኒኬል አልሙኒየም ብሮንዝ ይሠራል። የባሕር ውኃ ቱቦ ደግሞ ብዙ ጊዜ 90 በመቶ መዳብና 10 በመቶ ኒኬል ነው።

ብራስን በአሞኒያ አያጽዱ። በተለይ በማሽን ተጨፍልቆ ወይም ታጥፎ የተሠራውን። እንግሊዞች ሕንድ ውስጥ የጥይት ቀለሃቸው በዝናብ ወራት ያለ ምንም ምት እየተሰነጠቀ ሲያስቸግራቸው ሰበቡ ከፈረሶች ጋጣ የሚነሳው አሞኒያ ሆኖ ተገኘ። ብራሱ ሲቀጠቀጥ ውስጡ የቀረው ውጥረትና አሞኒያው ተገናኝተው ነው የሚሰነጥቁት።

ደወል ወይስ መድፍ

ቲን ሲጨመር ጥንካሬ ይጨምራል ብያለሁ። መጨረሻ ግን አለው። ከ15 በመቶ ወዲያ በቅይጡ ውስጥ በጣም ደረቅ፣ ተሰባሪ የሆነ ሌላ አካል እየበዛ ይሄዳል። ለማሽን ዕቃ ይህ ጥፋት ነው። ለደወል ግን የሚፈለገው እሱው ነው። ደረቅ ብረት ንዝረትን ውጦ አያስቀረውም፣ ስለዚህ ድምፁ ረጅም ጊዜ ይቆያል። የደወል ብሮንዝ ከ20 እስከ 22 በመቶ ቲን አለው። ከ1623 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቁስጥንጥንያ የተነሳው የዚልጂያን ቤተሰብ የታወቀበት ሲምባል የሚባለው የሙዚቃ ሳህንም 80 መዳብ ለ20 ቲን ነው።

ልኩን መነካካት ምን እንደሚያመጣ የፊላዴልፊያው የነፃነት ደወል ያሳያል። ከለንደን በ1752 እ.ኤ.አ. መጥቶ ገና ሲሞከር ተሰነጠቀ። ፓስና ስቶው የተባሉ ሁለት የከተማው ቀላጮች እንደገና አቀለጡትና እንዳይሰበር ብለው መዳብ ጨመሩበት። ደወሉ ጠነከረ፣ ድምፁ ግን ተበላሸ። ሕዝቡ አልወደደውም። እንደገና ማቅለጥ ግድ ሆነ። ዛሬ የምናየው ስንጥቅ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

መድፍ ተቃራኒውን ይፈልጋል። ባሩዱ ሲፈነዳ ትንሽ መለጠጥ አለበት፣ መሰበር የለበትም። ስለዚህ ቲኑ 10 በመቶ ገደማ ነው። በፈረንሳይ አብዮት ጊዜ የአብያተ ክርስቲያናት ደወል ተሰብስቦ መድፍ ይሠራበት ሲባል፣ የኬሚስትሪ ሊቃውንት በደወሉ ውስጥ ያለውን ትርፍ ቲን የሚቀንሱበትን መንገድ መፈለግ ነበረባቸው። የእኛው አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን ባለሙያዎች ያስቀለጡት ሴባስቶፖልም ብሮንዝ ነው። ክብደቱ 7 ቶን ያህል ሲሆን ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። ያን የሚያህል ብረት በአንድ ጊዜ አቅልጦ፣ ሳይቀዘቅዝ ፎርማ መሙላት በዚያ ዘመንና በዚያ ቦታ የሚያስደንቅ ሥራ ነው። ምን ያህል እሳት፣ ምን ያህል ወናፍ እንደሚጠይቅ ብረት ያቀለጠ ሰው ያውቀዋል።

የቤተ ክርስቲያኑ ጸናጽል ከደወል ይለያል። ድምፁ የሚመጣው ዘንጉ ላይ ሆነው ከሚጋጩት ቅጠሎች ነው። በእጅ ስለሚወዛወዝ ቢወድቅም የማይሰበር መሆን አለበት። ለአካሉ ብራስ ይበቃል፣ የደወል ብሮንዝ አይመከርም።

ራስዎ የሚያቀልጡ ከሆነ

ለጀማሪ ምክሬ አንድ ነው፦ ከብሮንዝ ይጀምሩ፣ ከብራስ አይጀምሩ። ምክንያቱ ቁጥሩ ውስጥ አለ። ዚንክ በ907 ዲግሪ ይፈላል። መዳብ ገና በ1085 ነው የሚቀልጠው። ዚንኩን የቀለጠ መዳብ ውስጥ ሲጨምሩት ከፊሉ ተንኖ ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ጭሱን የሳበ ሰው ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ ይለዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ሰውነቱ ይቆረጣጠማል። ብራስ ቀላጮች ከጥንት የሚያውቁት በሽታ ነው። ወተት ጠጡ ይባላል፣ ግን መከላከያው ወተቱ ሳይሆን ክፍት ቦታ፣ ነፋስና ትክክለኛ ጭንብል ነው። የተነነውን ለመተካትም ዚንክ በትርፍ መመዘን ያስፈልጋል። ምን ያህል እንደሚተን እንደ እሳቱና እንደ እጅዎ ፍጥነት ይለያያል።

ብሮንዝ ግን ይታዘዛል። መዳቡን አስቀድመው ያቅልጡ፣ ፊቱን በከሰል ይሸፍኑ። ቲን በ232 ዲግሪ ስለሚቀልጥ መጨረሻ ላይ ይጨመራል። ማማሰል፣ ቆሻሻውን ከላይ መግፈፍ፣ ሳይዘገዩ መቅዳት። ማማሰያውም፣ መቅጃውም፣ ፎርማውም ፍጹም ደረቅ ይሁን። ጠብታ ውኃ ከቀለጠ ብረት ሥር ከገባ በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ብረቱን ወደ ላይ ይረጨዋል። ዓይንና ፊት የሚጠፋው በዚህ ነው።

አልሙኒየም ብሮንዝን ለልምድ ያቆዩት። ፊቱ ላይ ቶሎ ቶሎ ቆዳ ይሠራል። ሲቀዳ ከተንቦጫረቀ ያ ቆዳ ታጥፎ ውስጥ ይቀራል፣ ዕቃው በውስጡ ስንጥቅ ይዞ ይወጣል።

ከምናለሽ ተራ የተሰበሰበ ቁርጥራጭ ሲያቀልጡ ደግሞ መለየት ላይ ጊዜ ይስጡ። እርሳስ ያለበት ብሮንዝ ውስጥ የሚፈቀደው አልሙኒየም 0.005 በመቶ ብቻ ነው። በ100 ኪሎ 5 ግራም ማለት ነው። አንዲት ትንሽ የአልሙኒየም ብሎን ተቀላቅላ ብትቀር ያን ሁሉ ብረት ታበላሸዋለች። ዕቃው ሲታይ ደህና ነው፣ ውኃ ሲሞላበት ግን ያንጠባጥባል። ያልታወቀን ነገር ሁሉ በአንድ ላይ አቅልጦ «ነሐስ» ብሎ መሸጥ የሚያስከፋኝ ለዚህ ነው።

ነጩ ወገን

የብር መስቀል ወይም ጌጥ የሚገዙ ከሆነ ጀርመን ሲልቨር የሚባለውን ይወቁ። 60 በመቶ መዳብ፣ 20 በመቶ ኒኬል፣ 20 በመቶ ዚንክ ያህል ነው። ብር የሚባል ነገር የለበትም። ያምራል፣ ይጠነክራል፣ ለማንኪያና ለሙዚቃ መሣሪያ ጥሩ ነው። በብር ዋጋ መሸጡ ነው ክፋቱ። ቆዳቸው ለኒኬል የሚቆጣ ሰዎች ደግሞ አንገታቸው ላይ ባያደርጉት ይሻላል።

የድሮ አንጥረኞቻችን ብዙ ጊዜ የሚያቀልጡት ጠገራ ብርን፣ ማለትም 1780 የሚል ዓመት የታተመበትን የማሪያ ቴሬዛን ብር ነበር። ክብደቱ 28 ግራም፣ ንጥረቱ 83.3 በመቶ ብር ነው። ስለዚህ ከእሱ የተሠራ አሮጌ መስቀል ለብር ጌጥ የተለመደውን 92.5 በመቶ ባይሞላ ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም። በቤት ውስጥ መለየት ይቻላል። ዕቃውን ይመዝኑ። ከዚያ ሙሉ ውኃ ውስጥ ሲነክሩት የሚፈሰውን ውኃ በሚሊ ሊትር ይለኩ፣ ግራሙን በሱ ያካፍሉ። የጠገራ ብር ቅይጥ ከ10 በላይ ይሰጣል፣ ጀርመን ሲልቨር 8.7 ገደማ። ውስጡ ክፍት የሆነ ዕቃ ግን በዚህ አይለካም።

ወርቅ ላይ ስሌቱ ግልጽ ነው። 24 ካራት ንጹህ ነው። ዓረብ አገር በብዛት የሚሸጠው 21 ካራት 87.5 በመቶ፣ 18 ካራት 75 በመቶ ወርቅ አለው። ለማስቀመጥ ከሆነ 21ን፣ በየቀኑ ለሚደረግ ቀለበት 18ን እመርጣለሁ። የተቀላቀለው መዳብና ብር ቀለበቱን ከመጣመም ያድነዋል።

ከሱቅ ሳይወጡ

በሞረድ ትንሽ ፍቀው ትኩስ ፊቱን ይዩ። አሮጌ ፊት ይዋሻል። ብራስ ሎሚ መሳይ ቢጫ ነው። ብሮንዝ ወደ ቀይ ቡናማ ያደላል። አልሙኒየም ብሮንዝ ወርቅ ይመስላል፣ በሞረድ ሲፈቀፈቅም ያስቸግራል። ማግኔት አጥብቆ ከሳበው ከላይ የተለበጠ ብረት ነው። ቀስ ብሎ ከሳበው ውስጡ ብረት ያለበት አልሙኒየም ብሮንዝ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ አይፍረዱ። ብዛት ያለው የሚገዙ ከሆነ ደግሞ በእጅ የሚያዝ የኤክስሬይ መለኪያ ያላቸው ቦታዎች በሴኮንዶች ውስጥ ንጥረቱን በመቶኛ ይነግሩዎታል።

ትእዛዝ ሲሰጡ ደረሰኙ ላይ «ነሐስ» ተብሎ እንዳይጻፍ። የቅይጡን ቁጥር ወይም የእያንዳንዱን በመቶኛ ያጽፉ። ሻፍቱ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ፣ ግራሶ እንደሚያገኝ ወይም እንደማያገኝ፣ የሚነካው ውኃ ምን ዓይነት እንደሆነ ለባለሙያው አስቀድመው ይንገሩት።